በሲስተር መስኡዳ ዘይኑልአቢዲን ክንዶች ላይ ስለታዩት የመርፌ ምልክቶች የተሰጠ የሐዘን መግለጫ

ለእንኮይ በር ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ሠራተኞችና ተማሪዎች፣ እንዲሁም ለሐይቅ ከተማና ለአምባሰል ወረዳ ነዋሪዎች በሙሉ፤

የኮሌጃችን የነርሲንግ ትምህርት ክፍል መምህርት የነበሩት ሲስተር መስኡዳ ዘይኑልአቢዲን ሰኞ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ረፋድ ላይ በተወለዱ በአርባ ሰባት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም በዕለቱ ከአሱር ሶላት በኋላ ቤተሰባቸው፣ ጎረቤቶቻቸውና የሰፈራቸው ቅሬ (እድር) አባላት በተገኙበት በሐይቅ ከተማ ተፈጽሟል። ስማችን በዚህ ጽሑፍ ግርጌ የሰፈረው ሰባት የትምህርት ክፍሉ መምህራን መሪር ሐዘን ተሰምቶናል። ከሐዘኑ የማያንስ እፍረትም አለብን፤ ይህንንም ከወዲሁ እናሳውቃለን።

መግለጫው የኮሌጁ ማኅተም አላረፈበትም። የዲኑ ጽሕፈት ቤት ረቂቁን አንብቦ “አግባብነት የሌለው” በማለት መልሶልናል። ጽሕፈት ቤቱ የራሱን የሐዘን መግለጫ ማክሰኞ ጠዋት በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፏል። ጽሑፉ ስድስት መስመር ብቻ ሲሆን ሦስት ሐሰት ይዟል። ሲስተር መስኡዳ “ለረጅም ጊዜ በሕመም ሲቸገሩ ቆይተው” አረፉ ይላል፤ አልታመሙም። “በራሳቸው ጥያቄ ወደ ንብረት ክፍል ተዛውረው” ሲሠሩ ነበር ይላል፤ አልጠየቁም። የኮሌጁ አመራር “በጥልቅ ሐዘን ላይ ይገኛል” ይላል፤ ዲኑም ሆኑ ምክትላቸው ቀብር አልደረሱም። ለዚህ የሰጡት ምክንያት ለማርያም በዓል ወደ ግሸን በሚሄዱ መኪኖች መንገዱ ተጨናንቆ ነበር የሚል ነው። ከኮሌጁ በር እስከ መቃብሩ በእግር የሩብ ሰዓት መንገድ ነው፤ የግሸን መኪናም በዚያ በኩል አያልፍም።

የተወሰዱበት ሆስፒታል ማስረጃ የሞታቸው ምክንያት ድንገተኛ የአንጎል ደም መፍሰስ መሆኑን ይገልጻል። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሥራ ገብተው ፈርመዋል።

ሲስተር መስኡዳ በ1970 ዓ.ም. ከአባታቸው ከአቶ ዘይኑልአቢዲን እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዑምኩልሱም በአምባሰል ወረዳ ውጫሌ አካባቢ ተወለዱ። የነርስነት ሙያ ትምህርታቸውን በደሴ ከተማ ተከታትለው በ1990 ዓ.ም. በዲፕሎማ ተመርቀዋል።

ከ1991 እስከ 2003 ዓ.ም. በአምባሰል ወረዳ በጤና ጣቢያ ነርስነት አገልግለዋል። መኪና በማይገባባቸው ቀበሌዎች የክትባት ሣጥን በበቅሎ ጭነው እየዞሩ ሕፃናትን ከትበዋል። በዚያ ዘመን የከተቧቸው ሕፃናት ዛሬ ኮሌጃችን ገብተው ተምረዋል፤ ከእኛ ውስጥም አንዱ ከእነዚያ ሕፃናት መካከል ነው።

በ2004 ዓ.ም. በመምህርነት ኮሌጃችንን ተቀላቀሉ። የተግባር ትምህርቱን በኃላፊነት ይዘው ለአሥራ ሁለት ዓመት መርተውታል። ሙያችንን ለማያውቅ አንባቢ ለማስረዳት ያህል፣ እያንዳንዱ ተማሪ ሎግ ቡክ የሚባል የተግባር መዝገብ አለው። በመዝገቡ ላይ ሁለት ዓምድ አለ። አንደኛው “አይቷል” ሁለተኛው “ሠርቷል” ይላል። መምህሩ “ሠርቷል” በሚለው ሥር የሚፈርመው ተማሪው ያለማንም እገዛ ሦስት ጊዜ ሲሠራ በዓይኑ ካየ በኋላ ነው። ሲስተር መስኡዳ ይህን ደንብ እንደ ቃሉ ይፈጽሙት ነበር። እኛ ግን አንፈጽመውም ነበር።

በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት የተግባር ማስተማሪያ ክፍላችን ተዘረፈ። ተመልሰን ስንገባ ያገኘነው ሁለቱም ክንዶቹ የተነቀሉ አንድ ማኒኪን፣ ሰው መሰል የመለማመጃ አሻንጉሊት፣ ነበር። በጤና ጣቢያ ልምምድም ቢሆን አንድ ሕመምተኛ ጉሉኮስ ሲተከልለት አሥር ተማሪ ከብቦ ይመለከታል፤ የሚሠራው አንድ ነው። ሲስተር መስኡዳ ለመርፌ መለማመጃ የሚሆን የፕላስቲክ ክንድ እንዲገዛ ሦስት ጊዜ በደብዳቤ ጠይቀዋል። ለአንዱም መልስ አልተሰጣቸውም። በዚያው ጊዜ ለዲኑ ቢሮ ሶፋና መጋረጃ ገብቷል። ከእኛም ውስጥ በዚያ ሶፋ ላይ ያልተቀመጠ የለም።

በ2016 ዓ.ም. ሠላሳ አራት ተማሪዎች ለምረቃ ደረሱ። ሠላሳ አራቱም ደም ሥር ላይ መርፌ ሲተከል አይተዋል፤ ራሳቸው የተከሉት ግን ከአምስት አይበልጡም። ሲስተር መስኡዳ “ሠርቷል” በሚለው ዓምድ ሥር አልፈርምም አሉ።

ግንቦት 23 ቀን 2016 ዓ.ም. በዲኑ ሰብሳቢነት ስብሰባ ተጠራ። ቃለ ጉባኤው በእጃችን ይገኛል። ዲኑ፦ “ሲስተር፣ ምረቃው ሐምሌ 6 ነው። የክብር እንግዳው ተጠርቷል፤ ድንኳኑም ተይዟል። እርስዎ ምን ይሁን ነው የሚሉት?” ብለዋል። የሲስተር መስኡዳ መልስ ደግሞ እንዲህ ተመዝግቧል፦ “ቆሞ ያየ ሁሉ ሠርቷል ኸተባለ እኔ ምን ላስተምር? እኒህ ልጆች ነገ ገጠር ነው የሚመደቡት። የሚለማመዱት በማን ላይ ነው፣ በናንተ እናት ላይ ነው? አልፈርምም። ወላሂ አልፈርምም።” በቃለ ጉባኤው ላይ ከዚህ ቀጥሎ የማናችንም ንግግር አልሰፈረም፤ አልተናገርንም።

በዕለቱ ሲስተር መስኡዳ “ተማሪዎችን በማንገላታትና የሥራ ባልደረቦችን በማሳጣት” ከማስተማር ታግደው ወደ ንብረት ክፍል እንዲዛወሩ ተወሰነ። ውሳኔውን ሰባታችንም ፈርመንበታል። ከሰዓት በኋላም በመምህራን ክፍል ጠረጴዛውን ከበን ተቀምጠን የሠላሳ አራቱን ተማሪዎች ሎግ ቡክ “ሠርቷል” ብለን ፈርመን ጨረስን። ሻይ አስመጥተን ነበር። ሥራው ሁለት ሰዓት እንኳ አልፈጀብንም።

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ሲስተር መስኡዳ ከሰኞ እስከ ዓርብ በንብረት ክፍል ወንበር፣ መጥረጊያና ጥቁር ሰሌዳ ሲያስረክቡ ይውሉ ነበር። ቅዳሜ ግን በቤታቸው ያስተምሩ ነበር። መጀመሪያ የሄደችው ከተመራቂዎቹ አንዷ እድላዊት ናት። እድላዊት ለትምህርት ክፍሉ በጽሑፍ በሰጠችው ቃል፣ ዲፕሎማዋን ይዛ ቤቷ ከገባች በኋላ የታመመ ጎረቤት “ነርስ አይደለሽ? ነይ ውጊኝ” ቢላት ሰበብ ፈጥራ መውጣቷን ገልጻለች። በነጋታው ሲስተር መስኡዳ ቤት ሄዳ እውነቱን ነገረቻቸው።

ክንዱ የተነቀለ ማኒኪን ብቻ ባለበት አገር ሲስተር መስኡዳ የራሳቸውን ክንድ ዘረጉላት። እድላዊት ሁለት ጊዜ ስታ በሦስተኛው ደም ሥሩን አገኘችው። በጻፈችው ቃል ላይ “እኔ ሳለቅስ እሳቸው ‘አብሽሪ፣ አብሽሪ፣ ክንዱ የኔ ነው፤ ሲያመኝ እነግርሻለሁ፣ ደግመሽ ውጊ’ ይሉኝ ነበር” ብላለች። ወሬው ከተመራቂ ወደ ተመራቂ ተዳርሶ በስድስት ወር ውስጥ ሃያ ስድስቱ በአራት በአራት እየሆኑ ቅዳሜ ቅዳሜ ሄደዋል። የሚወጉት በንጹሕ መርፌ ነበር፤ ምንም ዓይነት መድኃኒት አይሰጥም ነበር። እያንዳንዳቸው ያለ እገዛ ሦስት ጊዜ እስኪያገኙ ድረስ አላሰናበቷቸውም።

እኛ ይህን እናውቅ ነበር። ከመስከረም ወር ጀምሮ እናውቅ ነበር። በመምህራን ክፍል ውስጥ “የቅዳሜዋ ማኒኪን” የሚል ስም አውጥተንላቸው ስቀንባቸዋል። ስሙን ያወጣው ከእኛ አንዱ ነው፤ የሳቅነው ግን ሁላችንም ነን። አንዳችንም አንድ ቅዳሜ ሄደን እጅጌያችንን አልሰበሰብንላቸውም።

ሰኞ ዕለት ጀናዛውን ያጠቡት ሴቶች በሁለቱም ክንዶች ላይ፣ ከክርን እስከ አንጓ፣ የመርፌ ጠባሳና የበለዘ ቦታ አይተዋል። ያዩትን መጠየቃቸው አያስነቅፋቸውም። ማታ ላይ ግን በከተማው ውስጥ ሲስተር መስኡዳ ሱስ የሚያስይዝ መድኃኒት ይወጉ ነበር፣ መድኃኒቱንም ከኮሌጁ ንብረት ክፍል ያወጡ ነበር ተብሎ ተወራ። ንብረት ክፍሉ ውስጥ አንዲት እንክብል እንኳ እንደሌለ ዲኑ ያውቃሉ። እያወቁ ማክሰኞ ጠዋት “ለረጅም ጊዜ በሕመም ሲቸገሩ ቆይተው” የሚለውን ለጠፉ። ወሬው የሚጠቅመው ማንን እንደሆነ ግልጽ ነው፤ አልፈርምም ያሉት ሴት ሱሰኛ ከተባሉ የፈረምነው ሁሉ ትክክል ሆነን እንቀራለን። ይህን ትክክለኝነት አንፈልገውም፤ ለዲኑ ጽሕፈት ቤት ይቅርበት።

ስለሆነም ለሐይቅ ከተማ ሕዝብ የሚከተለውን በግልጽ እንናገራለን። በሲስተር መስኡዳ ክንዶች ላይ ያሉት ምልክቶች ኮሌጃችን ያስመረቃቸው ሃያ ስድስት ነርሶች መርፌ ሲማሩ የጣሏቸው ናቸው። ቤተሰባቸው ሟች በእጃቸው የጻፉትን ደብተር አግኝቷል፤ ለእድላዊትም አሳይቷታል። እያንዳንዱ ውጊያ ከቀኑና ከተማሪው ስም ጋር ሰፍሯል፦ “ቀኝ፣ ስታለች”፣ “ግራ፣ አገኘ”፣ “ቀኝ አርፎ ይሰንብት፣ አብጧል”። ተማሪዎቹን ወደዚያ ቤት የላካቸው የእኛ ፊርማ ነው።

ማክሰኞ ጥር 20 ቀን ከሰዓት በኋላ ሰባታችን ለቅሶ ለመድረስ ሄደን ነበር። የቅሬው ዳኛ አቶ አሻግሬ በር ላይ አቆሙንና የቤቱ ባለቤት መልእክት እንዳላቸው ነገሩን። ወይዘሮ ዑምኩልሱም ራሳቸው ወጥተው እንዲህ አሉን፦ “እኔ የልጄን ክንድ አይቸዋለሁ። ማን እንደወጋት እናንተ ታውቃላችሁ፤ ከተማው ግን አያውቅም። ለኔ ‘አላህ ሶብሩን ይስጥሽ’ ኸምትሉኝ ሂዱና ለቅሬው ተናገሩ። ኸዚያ ወዲያ ግቡ።” ከበሩ ተመለስን።

በበነጋው ተሰብስበን በሠላሳ አራቱ ሎግ ቡኮች ላይ ያኖርነውን ፊርማ ማንሳታችንን ለሚመለከተው የጤና ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ አሳውቀናል። ይህ በሙያ ፈቃዳችን ላይ ሊያመጣ የሚችለውን እናውቃለን። ወደ ሲስተር መስኡዳ ቤት ያልሄዱት ስምንቱ ተመራቂዎች ዛሬ በተለያዩ ቀበሌዎች በሥራ ላይ ናቸው። በስልክ ያገኘናቸው አምስቱን ነው። አንደኛው “ሥራ ላይ ነኝ እኮ፣ አሁን ምን ሁን ነው የምትሉኝ?” ብሎናል። ሐቅ አለው፤ ያታለልነው እኛ ነን። ስምንቱም ከመጪው ሳምንት ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ኮሌጁ መጥተው ልምምዳቸውን እንዲጨርሱ እንጠይቃለን። የሚወጉት ክንድ የእኛ ነው፤ የመጀመሪያውን ተራ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አቶ አያሌው ሽታው ወስደዋል። ዲኑ ክፍሉን ከቆለፉት በግቢው ዛፍ ሥር እንቀመጣለን።

ለእናታቸው ለወይዘሮ ዑምኩልሱም፣ ለመላው ቤተሰባቸው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለተማሩት ሃያ ስድስት ነርሶችና ለሰፈራቸው ቅሬ አባላት መጽናናትን እንመኛለን። ለኮሌጁ አመራር የምናስተላልፈው የማጽናኛ ቃል የለንም።

ይህ ጽሑፍ እሑድ ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የሰፈሩ ቅሬ በሚሰበሰብበት ሜዳ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በተገኘበት፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይነበባል። “የቅዳሜዋ ማኒኪን” የሚለውም አይዘለልም። ከዚያ በኋላ ሰባታችን ወደ ወይዘሮ ዑምኩልሱም ቤት ሄደን በር ላይ እንቆማለን። ግቡ ካሉን እንገባለን፤ ካላሉን እዚያው እንቆያለን። እስከዚያ ድረስ ለቅሶ አልደረስንም።

አያሌው ሽታው፣ እየሩስ አሰፋ፣ ጠሃ ይማም፣ ሙሉአለም ካሳ፣ አሪፋ ሰይድ፣ ባድሩ እንድሪስ፣ አሕመዲን አረቡ
የነርሲንግ ትምህርት ክፍል መምህራን
ሐይቅ፣ ጥር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.