የበር መቀርቀሪያ ስላደረግሁት የመሬት ብረት

ለተከበሩ የሰፈራችን የፀሐይ ኃይል ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከወንበርዎ ሳይነሱ ጤናዎ ይሰንብት እያልኩ፣ እኔ ሰባ ስምንት ዓመት የሞላኝ ሰው ነኝ። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ የሸሚዜን ቁልፍ ራሴ እተክላለሁ፣ ጢሜን ያለ መስተዋት እላጫለሁ፣ ጆሮዬም እስካሁን ሁለት ነው። ይህንንም ደብዳቤ ፊደል እየለቀምኩ ራሴ ጻፍኩት።

1ኛ. ሠራተኞችዎ የጋራችንን የውሃ ሞተር ከፀሐይ መስመሩ ሲያገናኙ፣ መሬት የሚቀበረውን ረጅም ብረት ግድግዳዬ ላይ አስደግፈው፣ ከሞተሩ ገላ የሚመጣውን ሽቦ ግቢዬ ጥለው፣ ነገ እንመለሳለን ብለው ስለሄዱ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ወራት የሚፈጅ ነገ አይቼ ስለማላውቅ ብረቱ የተተወልኝ መስሎኝ የበር መቀርቀሪያ አደረግሁት። ሽቦውንም ልብስ ማስጫ አድርጌ ወጠርኩት፤ ላስቲኩ ልብስ ያንሸራትታል ብዬ የላጥኩትም እኔው ብልሁ ነኝ።

2ኛ. ባለፈው ሳምንት ልጄ ሸሚዜን ልታሰጣ በእርጥብ እጇ ሽቦውን ስትነካ ጣላት። ተርፋለች፣ መዳፏ ግን ተቃጥሏል። ባለሙያዎ ኋላ መጥቶ እንዳስረዳኝ፣ ሽቦው ከብረቱ ታስሮ ብረቱም ተቀብሮ ቢሆን ከሞተሩ ያመለጠው ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ይወርድ፣ ማቋረጫውም ነቅቶ መስመሩን ይዘጋ ነበር። ይህ ከፀሐይ የሚመጣው ዲሲ የሚሉት ኤሌክትሪክ ደግሞ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ፣ አንዴ ብልጭታ ካነሳ በቀላሉ የማይበርድ ነው አለ። ልጄ ይህን ሰምታ፣ ከአባቴ ጋር የሥጋ ዝምድና አለው ወይ ብላ ጠየቀችው።

3ኛ. ተጠቃሚው የመሬት መስመሩን ነቅሏል ብለው ስለጻፉልኝ ኮርቻለሁ። ያልተተከለ የነቀለ ሰው ከእኔ በፊት አልሰማሁም።

አሁን ጎረቤቶቼ ውሃ ጠማን ብለው ሞተሩን ሊያስነሱ ስለፈለጉ፣ ማብሪያው ሥር በርጩማ ይዤ ተቀምጫለሁ። እንቅልፍ ሳይጥለኝ ብረቱን ያስቀብሩልን። የቀረው ዕዳ የእኔ ነው፤ ለልጄ ይቅርታ፣ ለጎረቤት በባልዲ የምቀዳው ውሃ፣ ለእርስዎም ዝገቱ የተፈገፈገ ብረትዎ።

ከነሙሉ አክብሮቴና ከነበርጩማዬ፣
መቀርቀሪያ የሌለው ጎረቤትዎ

ማስታወሻ፦ እንዳይደክሙ ጉድጓዱን ቆፍሬዋለሁ። አላፊ አግዳሚው ለእኔ የተቆፈረ መስሎት ነፍስ ይማር እያለኝ ነው። ከብረቱና ከእኔ ማን ቀድሞ እንደሚገባበት የሚወስነው የእርስዎ ነገ ነው።