ስድስት ሳንቲ የጎደላት መኪና

ሐሙስ፣ መጋቢት 12 ቀን፣ ከምሳ በኋላ

ለቁንጫዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። ጥርሶቼ አራት ቀርተዋል፤ እነሱም እንደተኳረፈ ጎረቤት ፊት ለፊት አይተያዩም። ሳቅሽ አይደል? አሁን ሳቂ፣ ከዚህ በታች ያለው ብዙ አያስቅም።

ወረቀት የያዝኩት ስልክ ጠፍቶ እንዳይመስልሽ። ስልክ ስደውልልሽ አለቃችን አጠገቤ ተቀምጣ ጆሮዋን ትተክላለች። አያትሽን ማለቴ ነው፣ ከሹመቷ አልተሻረችም። የማትሰማው ነገር ቢኖር የኔን ልመና ብቻ ነው። «የሁለቱን መኪናዎች ሁኔታ በዝርዝር ልጻፍላትና አስባበት ትመልስልን» ስላት እሺ አለች። አሁን ስለ ጎማና ስለ ባትሪ የምጽፍ ይመስላታል። መነጽሯን ዳቦ ሣጥን ውስጥ ደብቄዋለሁ፣ ማንበብ አትችልም። ስጨርስ ወደ ፋርማሲ እወጣለሁ፤ ፋርማሲስቷ ገጽ በገጽ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች።

ከማታው አንድ ሰዓት በፊት አንብቢው። እንደ ሁልጊዜው ሐሙስ በአንድ ሰዓት ስትደውዪ አያትሽ አንድ ጥያቄ ትጠይቅሻለች። ትንሿ ሃይብሪድሽ ትቀመጥ ወይስ በሰፊ መኪና ትለወጥ? የምትመልሺው ግን ስለ መኪና ብቻ አይሆንም።

መጀመሪያ ስለ ድመቷ፣ ስለ መኪናሽ። ደህና ናት። ቁልፏን እጄ ላይ አድርገሽ «አባባ፣ በሯን እንደ ቁም ሣጥን በር እንዳትወረውረው» ብለሽኝ ከሄድሽ ወዲህ አንድም ጭረት አላገኛትም። ድምፅ ስለሌላት አሁንም ሰው ታስደነግጣለች። ባለፈው በባትሪ ብቻ እየተሳብኩ ከክሊኒኩ ዘበኛ ጀርባ ደርሼ ጥሩምባ ስነፋ ሻዩን ሱሪው ላይ ደፋው። «አባት፣ ይሄ መኪና ነው መንፈስ?» አለኝ። «መንፈስማ ቤንዚን አይጠጣም፣ ይቺ ትቀማምሳለች» አልኩት።

ክሊኒክ ምን ታደርጋላችሁ አትዪኝም? በይ እንግዲህ ተቀመጪ።

አያትሽ ኩላሊቷን ትንሽ አሟት ኪኒን ብቻ እንደምትውጥ ነው የነገርንሽ። ዋሽተንሻል። ስምንት ወር ሆነው፣ ሰኞና ዓርብ ደሟ በማሽን ይታጠባል፣ አራት አራት ሰዓት ሙሉ። «ትምህርቷን ትጨርስ፣ እንዳትነግራት» ብላ አስማለችኝ። በሷ ሞት ነው የማልኩት። አሁን መሐላውን ብጠብቅ የማልኩበት ነገር ሊመጣ ስለሆነ አፈረስኩት።

በዚያ ላይ መስከረም ላይ መታጠቢያ ቤት ወደቀች። ጉልበቷ ውስጥ ብረት ገባ። ብረቱ ያዘ፣ ጉልበቱ ግን መታጠፍ እምቢ አለ፤ እግሯ እንደ በር መቀርቀሪያ ቀጥ ብሎ ቀረ። ድመቷ ላይ ከፊት ሞከርን፣ ወንበሩ እስከ መጨረሻ ተገፍቶም አልበቃ አለ። ከዚያ ከኋላ በጎን አስቀመጥኳት። ጀርባዋን በአንደኛው በር አስደግፋ እግሯን ወንበሩ ላይ ትዘረጋለች። ተረከዟ ሌላኛው በር ላይ ይደርሳል። በሩ ሲዘጋ ተረከዟን ይገፋል፣ የምዘጋው እንግዲህ ጉልበቷ ላይ ነው። የሻሿን ጫፍ ትነክሳለች። አንቺ አትወርውረው ያልሽኝን በር በሳምንት አራት ጊዜ እንደ ሌባ ቀስ እያልኩ እዘጋዋለሁ።

ታዲያ ለምን ቀደም ብዬ አልለወጥኳትም? መብራት ላይ ስንቆም የድመቷ ሞተር ጸጥ ይላል። ያን ጊዜ አያትሽ ትተኛለች። አልጋ ላይ እምቢ የሚላት እንቅልፍ ቀይ መብራት ላይ ይመጣል። አረንጓዴ ሲበራ ከኋላዬ ያሉት ይጮኻሉ፣ እኔ አልሰማም። አንዱ ሹፌር ወርዶ በመስኮት አየኝና «ሽማግሌው ሞተ እንዴ?» አለ። ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግኩለት። ወደ ኋላ ወንበር አይቶ ተመለሰ።

ባለፈው ሰኞ ግን በሩን ስዘጋው ጮኸች። እንደዚያ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም፣ አባትሽን ስትወልድ እንኳ አዋላጇን ነበር ያስጮኸቻት። «አውርደኝ» አለች። አወረድኳት። የሰኞው እጥበት ቀረ።

ማክሰኞ የክሊኒኩ ነርስ ደወለችልኝ። ሁልጊዜ ነገር ስለምፈልጋት እሷም አትምረኝም፤ ያን ቀን ግን ድምጿ ሌላ ነበር። «አባባ፣ ዛሬ አይቀልዱብኝ። እግራቸው አብጧል?»

«ሁለቱም።»

«ተንጋለው ይተኛሉ?»

«ቁጭ ብላ ነው፣ ትራስ ደራርባ።»

«አንድ ቀን ቀርተዋል። ዓርብም ከቀሩ ውኃው ወደ ሳንባቸው ይገባል። እኔ አልዋሽዎትም።»

ዓርብ ነገ ነው።

ታክሲ አልሞከርክም ወይ ትዪኛለሽ። ሞክሬያለሁ። አንዱ እግሯን አይቶ ቸኩያለሁ አለ፣ ሌላው አደረሰንና ለመመለሻው ጠፋ፣ ዝናብ ላይ ቆመን ቀረን። አምቡላንስ የሚመጣው ሰው ሲወድቅ ነው፤ በሳምንት ሁለቴ ውደቂ አልላት።

ስለዚህ እንደማውቀው አደረግኩ። ሜትሬን አወጣሁ። እግሯን ዘርግታ አልጋው ላይ ተቀምጣ ሳለ ከጀርባዋ እስከ ተረከዟ ለካሁ። አንድ ሜትር ከሃያ አራት። ድመቷ ከበር እስከ በር አንድ ከአሥራ ስምንት ናት። ስድስት ሳንቲ። ዕድሜዬን ሙሉ ስድስት ሳንቲ ጣውላ ሲተርፈኝ ወደ ምድጃ የምጥለው ነበር።

«ምኑን ነው የምትለካው?» አለች አያትሽ።

«አንቺን።»

«ለሣጥኑ ከሆነ ትከሻዬንም ለካ። ጠባብ አልወድም።»

የዚህን ሰፈር ግማሹን የሸኘሁበትን ሣጥን በእጄ እንደሠራሁ ታውቂያለሽ። በእያንዳንዱ ለቀስተኛ ፊት ቀልድ አላጣሁም። ያን ቀን ግን ሜትሩን መጠቅለል እንኳ አቅቶኝ አልጋው ላይ ተውኩት።

ረቡዕ ጠዋት መኪና መሸጫው ግቢ ሄድኩ። ደላላው ስለ ሞተሩ ሲለፈልፍ እኔ የኋላውን በር ከፍቼ ልክ እወስዳለሁ። «ጋሼ፣ መኪና ነው ወይስ መጋረጃ ነው የሚገዙት?» አለኝ። አንዷ ግራጫ ናት፣ ናፍጣ፣ እንደ ወፍጮ የምትጮህ፤ ከበር እስከ በር ግን አንድ ከሠላሳ ስድስት። ድመቷንና የጣውላ ማሽኔን ወስዶ እኩል እንሆናለን አለ። እስከ ነገ ጠዋት ያቆይልኛል።

እንዳልሳሳት ብዬ የዚያችን በርና የኋላ ወንበር ሳሎን ውስጥ በጣውላ ሠራሁት፣ በልኩ፣ በከፍታው። መሪ ብጨምርበት ታርጋ ይሰጡት ነበር። አያትሽን ደግፌ አስገባኋት። ጀርባዋ ገባ፣ እግሯ ገባ፣ ተረከዟ ጋ አሥራ ሁለት ሳንቲ ተረፈ። ጉልበቷ ላይ ሳልዘጋ በሩን ዘጋሁ። ደስታዬን ብታዪ።

«በል ሹፌር፣ ንዳው» አለችኝ።

በአፌ ሞተር አስነሳሁ።

«ትጮኻለች እንዴ?»

«ናፍጣ ናት፣ ምን ላድርጋት።»

ትንሽ ሳቀች። ከዚያ «ና፣ ቁጭ በል» አለች። በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ።

«እግሬ አይደለም» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ሰኞ ያስጮኸኝ። እግሬማ መቼ ሳያመኝ ውሎ ያውቃል። ደከመኝ። ሰኞ ደሜ ይወጣል፣ ይገባል። ማክሰኞ እንደ ጨርቅ እተኛለሁ። ረቡዕ ሽንኩርት ልልጥ ስነሳ ዓርብ ደረሰ ትለኛለህ። ለዚህ ነው መኪና የምትለውጠው?»

«አዎ።»

«ለስንት ጉዞ?»

ይህን ጥያቄ የሚመልስ ሰው ካለሽ ጠይቂልኝ።

«ደግሞስ የልጅቷ መኪና ናት» አለች። «ከደመወዟ አጠራቅማ የገዛቻት። ስትመለስ ምን ላይ ትወጣ፣ ይሄ ወፍጮ ላይ? ለኔ ብለህ የልጄን ነገር አታጥፋ።»

ለመንኳት። ተቆጣሁ። ወጥቼ ግቢውን ዞርኩና ተመልሼ ለመንኳት። በመጨረሻ እንዲህ አለች። «እሺ፣ እሷ ትወስን። ስለ እኔ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ስለ መኪናው ብቻ ትጠየቅ። ትለወጥ ካለች ዓርብም እሄዳለሁ፣ ሰኞም እሄዳለሁ፣ አልነጫነጭም። ትቀመጥ ካለች ግን ተወኝ። አትለምነኝ፣ ነርሷንም አታስደውልብኝ።»

እጅ ተማታን።

በየሐሙሱ «ድመቴን አደራ» እንደምትዪ ታውቃለች። አስቀድማ ያሸነፈችውን ውርርድ ነው የተወራረደችኝ። እኔ ደግሞ ሃምሳ አንድ ዓመት ሙሉ በካርታ እንኳ ሳላጭበረብራት የዋልኩበት ቀን የለም። ይህን እያወቀች ወረቀትና ብዕር ይዤ ስቀመጥ ዝም ማለቷ ይገርመኛል። እንዳጭበረብር ፈልጋ ይሆን? ልጠይቃት አልደፈርኩም። አይደለም ብትለኝስ?

ቁንጫዬ፣ አንድ ነገር ደግሞ ሳልደብቅሽ። ደከመኝ ያለን ሰው ተነሺ ማለት ደግ ሥራ ይሁን አይሁን አላውቅም። ለሷ ነው ወይስ ለራሴ ብዬ ራሴን ጠየቅኩት፣ መልሱ አላማረኝም። ነገ ዓርብ ቀርታ የሚመጣውን ሳምንት አስቤ መጨረስ አልችልም። እዚያ ስደርስ ጭንቅላቴ መብራት እንደጠፋበት ቤት ይሆናል። ያንን ቤት አንቺም ታውቂዋለሽ፣ ድስቱ የት እንደሚቀመጥ እንኳ የማውቀው እሷ ስትጮህብኝ ነው።

እና ትለወጥ በይልኝ።

ግን ቶሎ አትመልሺ። ቶሎ ከመለስሽ እንደነገርኩሽ ይገባታል። መጀመሪያ ተቆጪ፣ «ድመቴን በናፍጣ?» በይ። እኔን ስደቢኝ፤ አይጠግቤ ሽማግሌ በይኝ፣ ለዛሬ ብቻ ፈቅጄልሻለሁ። በሊትር ስንት ትሄዳለች ብለሽ ጠይቂ። ቀለሟን ጠይቂና ግራጫ ስንልሽ ተጸየፊ። ከዚያ ቅር እያለሽ «በቃ፣ ስመለስ ዕቃዬም ይበዛል፣ ሰፊ ይሻለኛል፣ ትለወጥ» በይ። እንደምትመለሺ ብትጨምሪበት አልጠላም፣ ውሸትም ቢሆን።

እና አታልቅሺ። አፍንጫሽ ሲዘጋ ከድምፅሽ ትለያለች፤ በልጅነትሽ በግድግዳ በኩል ነበር የምታውቀው። ማልቀስ ካለብሽ አሁን አልቅሺ፣ እስከ አንድ ሰዓት ጊዜ አለሽ። ፊትሽን ታጠቢና ደውዪ።

አልችልም ካልሽ፣ የሷ ድካም ከኔ ፍርሃት ይበልጣል ብለሽ ካመንሽ ደግሞ፣ እጅ ተማትቻለሁ። አልለምናትም። አንቺንም አልወቅስሽም። እንደዚያ ብዬ ጽፌልሻለሁ፣ ወረቀቱን አስቀምጪው፤ በኋላ ሌላ ነገር ብናገር አፌ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።

አሁን ከውስጥ እየተጣራች ነው።

«አንተ፣ ስለ መኪና ይህን ያህል ምን ይጻፋል?»

«ገና ጎማው ላይ ነኝ።»

«እንግዲያው ከኔም አንድ ቃል ጨምርልኝ።»

«በይ።»

ትንሽ ቆየች። ትንፋሿ እስኪመለስ ነው፣ አሁን አረፍተ ነገር የምትናገረው በሁለት ጊዜ ነው። ከዚያ እንዲህ አስጻፈችኝ፦

«መኪናሽ እንደተወሻት ናት። እኛም እንደተውሽን ነን።»

ጻፍኩት። ከዚህ ሁሉ ወረቀት የሷ ይቺ ብቻ ናት።

ደህና ሁኚልኝ። መንገድሽ ይቅና፣ ከክፉ ሰው ይሰውርሽ፣ ከኛ ዕድሜ ቆርጦ ባንቺ ላይ ይጨምር። አይ፣ ይህን ሰርዤዋለሁ። ከኔ ብቻ ይቁረጥ።

አባባሽ፣
ጡረተኛው አናጢ