ከአራት ጣት በላይ የማያይ ካሜራ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5 ቀን 1978

ካሜራዬን ወሰዱት። ፊልሙ ውስጡ እንዳለ።

ጥፋቱ የራሴ ነው። ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ ከሬዲዮ ማማው በታች ባለው የማሽላ ማሳ ውስጥ በሆዴ ተኝቼ ነበር። ፌንጣ በጠዋት ብርድ ስለሚደነዝዝ አይዘልም፤ ለእኔ ሥራ ከዚያ የተሻለ ሰዓት የለም። ሌንሱን ነቅዬ የፊቱን ወደ ኋላ አዙሬዋለሁ። በሌንሱና በካሜራው መካከል የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ አለ፤ ውስጡን በጥላሸት አጥቁሬ ዙሪያውን በፕላስተር የጠቀለልኩት። እንዲህ ሲሆን የሌንሱ ቀለበት አይጠቅምም፤ ምስሉ የሚጠራው ራስህ በሩዝ ፍሬ ልክ ወደ ፊት ወደ ኋላ ስትል ነው። ትንፋሼን ይዤ የፌንጣዋ ዓይን ጥርት ብሎ ሲመጣልኝ "ተነሥ!" የሚል ሰማሁ። ሁለት የአብዮት ጥበቃ ናቸው፤ እየነዱ ቀበሌ ወሰዱኝ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ሙላት ቆርቆሮውን እያገላበጠ "ይሄ ሩቅ ማያ ነው?" አለኝ። ከአራት ጣት በላይ አያይም ብዬ ብነግረው አላመነኝም። ማማውን ነው ስታነሣ የነበረው አለ። ፌንጣ ነው ስል የቀበሌው ጸሐፊ ሳቀ። የአርባ ሁለት ዓመት ጎልማሳ በማለዳ ጭቃ ላይ ተኝቶ ፌንጣ ያነሣል ቢሉኝ እኔም አላምንም።

ከዚያ ስለ ዩሱፍ ጠየቀኝ። ዩሱፍ ከፎቶ ቤቴ በረንዳ ላይ የሚሰፋው ልብስ ሰፊ ነው። ስሙ ለውትድርና ወጥቶ ከትናንት ጀምሮ ጠፍቷል። "መቼ አየኸው?" ሲለኝ "ቅዳሜ" አልኩ። ሳላስበው ነው ያመለጠኝ።

ዋሽቻለሁ። ትናንት ሰኞ በእኔ መስታወት፣ በእኔ ምላጭ ጺሙን ሙልጭ አድርጎ ተላጨ። የስቱዲዮውን ቡናማ ጃኬት አለበስኩት፣ ከረባት አሰርኩለት፣ አዲስ ፊልም አስገብቼ ሁለት ፖዝ አነሣሁት። "ለሰሚራ ይስጡልኝ፣ ጋሽ ጌታሁን። ስትወልድ ካልደረስኩ ልጁ አባቱን በፎቶ ይወቅ" ብሎኝ በጓሮ በር ወጣ። ወደ ድሬዳዋ፣ ከዚያ ወደ ጅቡቲ።

እኔ ደግሞ ፊልም ተርፎ ሲቀመጥ አልወድም። ከደንበኛ የተረፈውን በነፍሳት መጨረስ የቆየ ልማዴ ነው። ስለዚህ ዩሱፍና ፌንጣዋ አንድ ጥቅል ላይ ናቸው። ፊልሙ ከታጠበ ጺሙን መላጨቱን ያውቃሉ፤ በየኬላው የሚፈልጉት ሰው ያኔ ጺም የሌለው ይሆናል። እኔ መዋሸቴም ይታወቃል። ፈርቻለሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ከከተማ መውጣት ተከልክያለሁ። ጠዋትና ማታ ቀበሌ ሄጄ እፈርማለሁ። መቻራ ከተማ ሄጄ ለቡና ለቃሚዎች የመታወቂያ ፎቶ ላነሣ ነበር፤ የይለፍ ወረቀቱን ጸሐፊው ዓይኔ እያየ ቀደደው። ካሜራ የሌለው ፎቶ አንሺ ምን ሊሠራ ይሄዳል፣ አለ። ልክ ነው።

ጭንቀቶቼ፦

ፊልሙን ለማሳጠብ ድሬዳዋ እንልከዋለን እያሉ ነው። ከተላከ አለቀልን።

አንዱ ክዳኑን ከፍቶ ብርሃን ቢያስነካውስ? እኔ እድናለሁ፤ የዩሱፍ ፊት ግን ይጠፋል። (ትንሽ ተመኘሁት። አፈርኩ።)

ይህ ደብተር። የፎቶ ወረቀት ሳጥን ውስጥ ነው የምደብቀው። ሳጥኑ ላይ "ብርሃን እንዳይነካው" ብዬ ስለጻፍኩ ማንም ደፍሮ አይከፍተውም።

ከሰዓት ሰሚራ መጣች። ሰባተኛ ወሯ ነው፤ ደረጃውን ስትወጣ ጉልበቷን ትይዛለች። "ጋሼ፣ ዩሱፍ ሳይሄድ እርስዎ ዘንድ ፎቶ እተውልሻለሁ ብሎኝ ነበር" አለች። ገና አልታጠበም አልኳት። የት እንዳለ አልነገርኳትም። ከሄደች በኋላ መስኮቱ ላይ የሚመላለሱትን ጉንዳኖች ሳይ ቆየሁ። ካሜራው ቢኖረኝ አነሣቸው ነበር። እነሱ እንኳ በስንጥቁ ይወጣሉ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ጓድ ሙላት ከመሰላ ከተማ ስብሰባ ተመለሰ። ስፈርም አገኘሁትና ደፈርኩ። "ፊልሙ በሙቀት ከሰነበተ ይበላሻል፤ ከዚያ ንጹሕ መሆኔን በምን አሳያለሁ?" አልኩት። በዚህ ከተማ ፊልም የሚታጠብበት ጨለማ ክፍል ያለው እኔ ቤት ብቻ ነው፤ እሱም ያውቃል።

"ነገ ታጥበዋለህ" አለ። "ጥበቃው ቶላ አብሮህ ይገባል። እስክትጨርስ እጁን ከትከሻህ አያነሣም።"

ደስ አለኝ።

ያሰብኩት ይህ ነው። ፊልም ሲገባ ብርሃን የሚበላው መጀመሪያው አንድ ስንዝር ያህል ነው። እሱን ሁልጊዜ በመቀስ ቆርጠን እንጥላለን፤ የመቀስ ድምፅ ማንንም አያስደነግጥም። የዩሱፍ ሁለት ፖዝ ከዚያ ቀጥሎ አራት ጣት ነው። አንድ ስንዝር ከአራት ጣት ላይ ከቆረጥኩ እሱ ከነፍሳቱ ይለያል። አብዝቼ እንዳልቆርጥ ደግሞ ጸሐፊው ካሜራው የቆጠረውን የተነሣ ፎቶ ብዛት መዝግቦታል፦ 22። ሁለት ቢጎድል መጀመሪያው ተቃጥሏል እላለሁ። አምስት ቢጎድል ምን እላለሁ?

ከሰዓቱን ሙሉ ዓይኔን ጨፍኜ በአሮጌ ፊልም ተለማመድኩ። ከሰባት ሙከራ አምስቱን አገኘሁ።

አርብ፣ ጥቅምት 8

አለቀ።

ቶላ ጠብመንጃውን ውጭ አስቀምጦ ገባ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ገበሬ ነው፣ ዘንድሮ ነው ጥበቃ ያደረጉት። በሩን ዘግቼ መብራቱን ሳጠፋ ትከሻዬን ጭምድድ አድርጎ ያዘ። "ኦቦ ጌታሁን፣ ማሎ፣ እባክህ፣ መብራት መቼ ነው?" አለኝ። አሥር ደቂቃ አልኩት። ከእኔ ይልቅ እሱ ፈርቷል።

ፊልሙን ጎተትኩ። ስንዝር። አራት ጣት። እሱ ትከሻዬን ሲጨብጥ ክንዴ ስለሚሸሽ የቱ ጋ እንደደረስኩ ጠፋኝ። እንደገና ለካሁ። ቆረጥኩ። ቁራጩን በትንሿ የፊልም ቆርቆሮ ውስጥ አድርጌ ከደንኩ፣ ቆርቆሮዋን በጉልበቴ ወደ ወረቀት ሳጥኑ ገፋኋት። የቀረውን ጠቅልዬ ማጠቢያው ውስጥ ከተትኩና ከደንኩ። "አብራ" አልኩት።

ጓድ ሙላት በረንዳው ላይ የዩሱፍ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ። ፊልሙ ሲደርቅ ወረቀት ላይ አትሜ አመጣሁለት። ፌንጣ፣ ፌንጣ፣ ጥንዚዛ፣ ተርብ፣ እንደገና ፌንጣ። ማማ የለም፤ ሰማይ እንኳ የለም። አንድ በአንድ አያቸው። የፌንጣዋ ፊት ላይ ሲደርስ "ይቺ ጥርስ አላት እንዴ?" አለ።

ከዚያ ጣቱ ጫፉ ላይ ቆመ። ሁለተኛውን ፖዝ አጋማሹ ላይ ነው የቆረጥኩት። ለጉርድ ፎቶ ካሜራውን በጎኑ አቁሜ ስለማነሣ መቀሱ አንገት ላይ አልፏል፤ ራሱ ከቁራጩ ጋር ሄዶ ከአገጭ በታች ያለው ቀርቷል። ጃኬትና ከረባት፣ ራስ የሌለው።

"ይሄ ማነው?"

"የደንበኛ ፎቶ ነው። መጀመሪያው ሁልጊዜ ይቃጠላል" አልኩ።

"ማን ነው አልኩህ።"

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ይህን ጃኬት ያልለበሰ ማን አለ?"

አጎንብሶ አየ። ሁለተኛው ቁልፍ ከሌሎቹ ይለያል፣ ነጭ ነው። የእሱም የፓርቲ መታወቂያ ፎቶ ላይ ያ ነጭ ቁልፍ አለ። ከዚያ ወደ ቶላ ዞሮ "መቀሱን ስንቴ ሰማህ?" አለው።

"አንዴ" አለ ቶላ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ካሜራው ተመለሰልኝ። ቆርቆሮዬ ግን የለም፤ ጓድ ሙላት ጠረጴዛ ላይ እስክሪብቶ ተሰክቶበት አየሁት። የፌንጣዋንም ፎቶ ለራሱ አስቀርቷል። የይለፍ ወረቀት ስጠይቅ "ገና ነው" አሉኝ። ፊርማው ይቀጥላል።

እኩለ ቀን ላይ ቶላ ብቻውን መጣ። ወንበሩ ላይ አልቀመጥም አለ።

"መቀስ አንድ ሰማሁ" አለኝ። "ክዳን ግን ሁለት ነው የሰማሁ።"

"ነገርከው?"

"እሱ የጠየቀኝ ስለ መቀስ ነው።" ባርኔጣውን አስተካከለ። "የኔም ልጅ ስሙ ወጥቷል፣ ኦቦ" ብሎ ሄደ።

ምን ፈልጎ እንደነገረኝ አላውቅም። ሲመለስ ይገባኝ ይሆናል።

በሩን ዘግቼ ቁራጩን አጠብኩት። የመጀመሪያው ፖዝ ሙሉ ነው፣ ጭረት እንኳ የለውም። ዩሱፍ ፈገግ ሊል ሲል የተወው ፊት። ብቻዬን አለቀስኩ።

እሁድ፣ ጥቅምት 10

ሰሚራ በጠዋት መጣች። ፎቶውን በጋዜጣ ጠቅልዬ ሰጠኋት። ገልጣ አየችው፣ ወደ መስኮቱ ወስዳ አየችው፣ መልሳ ዘረጋችልኝ።

"ጋሼ፣ ተሳስተዋል። ይሄ የሌላ ሰው ነው።"

መልሼ ሰጠኋት። እንደገና አየችው። ቀስ ብላ በአውራ ጣቷ አገጩን ሸፈነች።

"ያ ረቢ" አለች። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። "ካገባኝ ጀምሮ ያለ ጺም አይቼው አላውቅም። ወላሂ፣ መንገድ ላይ ባገኘው አልፌው እሄድ ነበር።"

እሷ ስታለቅስ እኔ ሳቅሁ፤ ከማክሰኞ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ምን ያስቅዎታል ብላ ተቆጣች። ሚስቱ ያላወቀችውን ኬላ ላይ ያለ ወታደር ከየት ያውቀዋል አልኳት። አሰበችው። ከዚያ እሷም እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች፣ ፎቶውን ጡቷ ሥር ሸሸገችና ደረጃውን ጉልበቷን ይዛ ወረደች።

አሁን ልፈርም መሄዴ ነው።