ጣውንትሽም ኩሽኔታ ነው ተባለች

ሰኒዬ፣ የኔ ዓለም፣

ከተለየሽን ሁለተኛው ክረምት ገባ። ሐዘን ሲከርም ይበርዳል ያሉኝ ሰዎች ስለ ሐዘኑ እውነታቸውን ሊሆን ይችላል፤ ስለ ንዴቱ ግን አያውቁም። ይህን የምጽፍልሽ ተናድጄ ነው። ያናደደኝም የጣውንትሽ ነገር ነው።

አዎ፣ ቶርኖዋ። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ባለው ሱቃችን ውስጥ ብረት ስቀርጽባት የምውለውን ማሽን «ጣውንቴ» ያልሻት አንቺ ነሽ። ምሳ ዕቃ ይዘሽ ስትመጪ ከእኔ በፊት ለእሷ ሰላምታ ትሰጪ ነበር፤ «ደህና ዋልሽ ጣውንቴ፣ ዛሬስ ባሌን በጊዜ ትለቂልኛለሽ?» እያልሽ። ነሐስ ላይ ልሁን ብረት ላይ፣ ገና ከመንገዱ ሆነሽ በድምፅዋ ታውቂ ነበር።

ባለፈው ወር ወገቤን ይዞኝ ተኛሁ። ቶርኖዋ ከዚያ በፊት ቀጭ ቀጭ ትል ስለነበር ልጃችን ቤዛ እኔን ልታስደስት ብላ መካኒክ አስገባች። «ኩሽኔታ ነው» ብሎ ዘንጓ የሚዞርበትን ኩሽኔታ ቀየረላት። ድኜ ስመለስና ሳስነሳት ጮኸች። ቀጭ ቀጭታው ቀርቶ፣ ጆሮ የሚበሳ፣ የማያቋርጥ ጩኸት ሆነ። ከግድግዳው ወዲያ ያሉት ወይዘሮ ፅጌ የልጅ ልጃቸውን እንደታቀፉ መጥተው በሬ ላይ ቆሙ። «አንተ ኢንጂነር፣ ወይ እሷን ዝም አሰኛት ወይ እኛን በአንዴ ግደለን! እስከ ቅዳሜ ካልተሻላት ወረዳ ነው የምሄደው» አሉኝ። አልፈረድኩባቸውም።

መካኒኩን መልሼ ጠራሁት። ሰኒ፣ እግሩን ከደፉ አላሳለፈም! እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ፣ «ኩሽኔታ ነው፣ ያኛው አልበረከተም፣ ሌላ እንቀይር» አለኝ። በየት በኩል እንደምትጮህ፣ መቼ እንደምትጮህ አልጠየቀም። ሲወጣም «ባይሆን ለቁራሌ ስጧት፣ አርጅታለች» አለ። ቤዛም «አባዬ፣ እውነቱን ነው እኮ፣ ትሂድ በቃ» ብላ አገዘችው።

ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። ይህን አነጋገር አውቀዋለሁና።

አንቺ «ደረቴን ነው» ስትዪ «ጨጓራ ነው» ያለን የክሊኒኩ ሰው ከወረቀቱ ላይ ዓይኑን አላነሳም ነበር። ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል አልሽው፤ «ጨጓራ ወደ ላይም ይወጣል» አለሽ። መድኃኒቱ አልሠራም ብለን ስንመለስ የመድኃኒቱን ስም ቀየረና ያንኑ ሕመም ጻፈልሽ። በዚህ ከተማ ሆድሽ ቢቆርጥሽ፣ ደረትሽ ቢወጋሽ፣ ራስሽ ቢዞር ጨጓራ ነው። ማዳመጫውን አንገቱ ላይ እንደ ጌጥ አንጠልጥሎ የሚውል ሰው አንዴ እንኳ ደረትሽ ላይ አላኖረውም። ሌላ ቦታ ሄደን አንዲት ሐኪም ስታዳምጥሽ ፊቷ ተለወጠ። ልብሽ ነበር። ጊዜው ግን አልፎ ነበር።

እናም ጣውንትሽን «አርጅታለች» በሚል ቃል አሳልፌ ልሰጣት አልቻልኩም። በሬን ዘጋሁ። መጀመሪያ ሞተሩን ከእሷ የሚያገናኘውን ቺንጋ አውልቄ ሞተሩን ብቻ አስነሳሁ፤ ጸጥ ያለ ነው። ቺንጋውን መልሼ፣ በግራ በኩል ያሉትን ጊሮች አላቅቄ አዞርኳት፤ የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ ኩሽኔታው የተገጠመበት ቤት ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ አዳመጥኩ። ኩሽኔታው እንደ ንብ ያንጎራጉራል፤ ጤነኛ ነው። ጊሮቹን ሳገናኛቸው ጩኸቱ መጣ። ክዳኑን ከፍቼ ሳይ ያ መካኒክ ጊሮቹን አንዱን ከሌላው ጋር ግጥም አድርጎ አጥብቋቸዋል። የላላ ነገር ይንኳኳል፣ ስለዚህ ማጥበቅ ነው ብሎ ይሆናል። ጥርስና ጥርስ መተንፈሻ አጥተው ይፋጩ ነበር። ጩኸቷ ይኸው ነበር፤ እርጅና አይደለም።

እንዲህ ዓይነቱን ጊር ስናስተካክል በጥርሶቹ መሃል ቀጭን ወረቀት እናስገባለን። ወረቀቱን እንደነከሱ ቡሎኑን እናጠብቅና ወረቀቱን እንስባለን፤ የሚቀረው ክፍተት ይበቃቸዋል። ወረቀት ፍለጋ ኪሴን ስዳብስ ያ «ጨጓራ» የተጻፈበት ማዘዣሽ ወጣ። ለምን ይዤው እንደምዞር አትጠይቂኝ። ከጫፉ ቀደድኩና ተጠቀምኩበት። ያ ወረቀት ከተጻፈ ወዲህ ለሰው የጠቀመው ያን ዕለት ነው።

ግራሶ ቀባሁና አስነሳኋት። ሰኒ፣ ብትሰሚያት! ቀጭ ቀጭታው አሁንም በትንሹ አለ፤ ያ ዱሮም የእሷ ነው፣ አልነካሁትም። ወይዘሮ ፅጌ ብዙ ሳይቆዩ እየሮጡ መጥተው በሩን ደበደቡ። ዝምታው አስደንግጧቸው ነው። «እኔማ የሆነ ነገር ሆነህ መስሎኝ! ሕፃኑ ተኝቷል፣ በል ሥራህን ሥራ» ብለውኝ ተመለሱ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ባለፈው ሳምንት ቤዛ ደረቷን ያዘች። ክሊኒክ ሄዳ ወዲያው ተመለሰች፤ ምን አሉሽ ብላት «ጨጓራ» አለችኝ። አዳመጡሽ ወይ? አላዳመጡኝም። ጫማዬን በቅጡ ሳላስር ይዣት ወጣሁ፤ ከጠመንጃ ያዥ እስከ ሰንጋ ተራ «አባዬ ሰው እያየን ነው» እያለች ተከተለችኝ። ያቺን አንቺን ያዳመጠችሽን ሐኪም ፈልጌ አገኘኋት። ከፊት ከኋላ አዳመጠቻት፣ ልቧን በማሽን አየች፣ ደሟን መረመረች። ከዚያ ፈገግ ብላ «ጨጓራ ነው» አለችን።

ቤዛ ሳቋን መያዝ አቃታት። እኔ ግን እዚያው ወንበር ላይ ፊቴን ሸፍኜ አለቀስኩ። ያንኑ ቃል ነው የነገረችን፤ ግን ሰምታ ነው የነገረችን። ላንቺም ይህችኑ ያህል ነበር የምፈልገው።

የቀረውን የማዘዣሽን ቁራጭ በቶርኖዋ ክዳን ውስጠኛ በኩል ለጥፌዋለሁ። ክዳኑን በከፈትኩ ቁጥር አይሻለሁ፤ እጄ እስከሠራ ድረስም እከፍተዋለሁ። በዚህ ቤት ሳይደመጥ ስም የሚሰጠው ሕመም አይኖርም፤ ይህን ቃል ለአንቺ ሰጥቻለሁ። ጣውንትሽም ደህና ናት። በምሳ ሰዓት አጠፋትና ወደ በሩ አያለሁ።

ያንቺው ኢንጂነር