ሙጫ ያሉት ሩዝ

ውድ እማማ፣

እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎን ያምዎት ነበር፣ ተሻለዎት? እኛ ደህና ነን። ደህና ብቻም አይደለንም፤ ደረቴ ተነፍቶ የሸሚዜ ቁልፍ አልዘጋ ብሎኛል። ወንድ ልጅዎ ቤት ከሄዱ ወዲህ እኔና እርስዎ በስልክ "ደህና ነህ?" "ደህና ነኝ" ተባብለን ስልኩን ለባለቤቴ ማቀበል ነው ሥራችን። ይሄን ወሬ ግን በስልክ ልነግርዎት አልፈለግኩም። በስልክ ያቋርጡኛል።

የተቀያየምነው በሙቀጫ ነው ብል ሰው ይስቅብኛል። ቢሆንም አንድ ጊዜ ሳያቋርጡ ይስሙኝ። ልጄን ፌንጣን ለውዝና እንቁላል አይስማማትም። (ፌንጣ ብለው ስም ያወጡላት እርስዎ ነዎት፣ አንድ ቦታ አልቀመጥ ስትልዎት።) ሐኪሙ እንደነገረን ሁለቱንም ከቤት አስወጣን። ገላዋ ግን ሽፍ ማለቱን አልተወም። አንድ ቀን ከንፈሯ አብጦ፣ ትንፋሿ ሲር ሲር እያለ ተሸክሜያት ስሮጥ፣ የግራ እግሬ ላይ የባለቤቴን ነጠላ ጫማ ማድረጌን ያየሁት ሐኪም ቤት ደርሼ ነው። እርስዎ ደግሞ "በኛ ጊዜ አለርጂ የሚሉት ነገር አልነበረም፣ ልጅቷን አሞላቃችኋት" ይላሉ።

እኔ መካኒክ ነኝ፣ እማማ። መኪና ሲበላሽ አንድ ዕቃ ለውጬ እሞክራለሁ፣ ካልሆነ ወደ ሌላው እሄዳለሁ። ሁለት ዕቃ በአንዴ የሚለውጥ መካኒክ ብልሽቱ የቱ ጋ እንደነበር መቼም አያውቅም። ማድ ቤቱንም እንደ ሞተር ፈታሁት። ዘይቱን ለወጥኩ፣ ቅመሙን ለወጥኩ፣ ድስቱን ለወጥኩ፤ የቀረው የእርስዎ ሙቀጫ ሆነ። ስንት ዘመን ለውዝ የተወቀጠበት እንጨት ነው። የጠጣውን ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርት በወቀጥን ቁጥር መልሶ ሲሰጠን ኖሯል። እሱ ከተነሳ በኋላ ሽፍታው የት እንደገባ እንጃ።

"ሰባት ልጅ ያሳደገ ሙቀጫ ዛሬ መርዝ ሆነ?" ብለው ኩርፊያዎን ከልብስዎ ጋር አጣጥፈው ሄዱ። አልፈርድብዎትም፣ የእናትዎ ዕቃ ነው። አልጣልኩትም ደግሞ። ጋራዥ ውስጥ ብሎን ማስቀመጫ ሆኖ ከኔ በላይ ተከብሮ ይኖራል።

ቤት ውስጥ ከዚያ ወዲህ ሰላም ነው። አንድ ድስት ይጣዳል፣ ሁላችንም ከሱ እንበላለን። ባለቤቴን ወተት እንደማይስማማት እርስዎ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያውቃሉ፤ ለሷ ዱባ ቀቅዬ ስፈጭላት ሾርባው ወተት የገባበት ይመስላል። ሽንኩርት በራሱ ውሃ ቀስ ብሎ እንዲበስል መተውን ከእርስዎ ነው ያየሁት። አልክድም፤ ልክድ ብል ሽንኩርቱ ራሱ ይመሰክርብኛል።

ትምህርት ቤት ግን ሌላ ዓለም ነው። በምሳ ሰዓት ክፍሉ በሙሉ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ሲንጫጫ፣ ፌንጣ በሩ አጠገብ ባለች ትንሽ ጠረጴዛ ብቻዋን ትበላለች። ለራሴ አትፍረድባቸው እላለሁ፤ ልጆች ምግብ ይለዋወጣሉ፣ መምህሯም ፈርታ ነው። አንድ ቀን ቀደም ብዬ ልወስዳት ሄጄ በመስኮት አየኋት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ታኝካለች። ያቺ ዘላ የማትጠግብ ልጅ፣ እማማ፣ ቁጭ ብላ! አንጀቴን በላችው።

መንገድ ላይ እጄን ይዛ "አባዬ፣ እኔ የምበላውን ሌሎቹ ቢበሉ ያማቸዋል?" አለችኝ።

"ኧረ ማንንም አያምም፣ የኔ ልጅ።"

"ታዲያ ለምን እነሱ የኔን አይበሉም?"

ወይ ጉድ! ስንት ትልልቅ ሰው ተሰብስቦ ያላሰበውን አሰበችልን።

በማግስቱ ቱታዬን እንኳ ሳላወልቅ ርዕሰ መምህሯ ቢሮ ገባሁ። "የዓመቱ መዝጊያ ምሳ ላይ ለክፍሉ በሙሉ እኔ ላብስል" አልኳት።

መነጽሯን አወለቀች። "አንተ? ምግብ?"

"ምነው፣ ሞተር ብቻ ነው እንዴ የማውቀው?"

ሳቀች፣ ግን ቀላል ሴት አይደለችም። "ስማኝ" አለች፣ "ልጆቹ ወደውት ከበሉ፣ በሚቀጥለው ዓመት የትምህርት ቤቱ ምሳ ያለ ለውዝና ያለ እንቁላል ይሆናል፤ ልጅህም ከጓደኞቿ ጋር ትቀመጣለች። እየተፉ ከጣሉት ግን ወላጆቹን ማሳመን አልችልም፣ ሁለተኛ እንዳታነሳብኝ።"

ወላጆቹማ ሳይቀምሱ ነው ተቃውሞ የጀመሩት። አንዷ ፀጉር ሠሪ እናት በር ላይ ጠብቃ "የበሽተኛ ምግብ ለጤነኛ ልጅ? እኔ ልጄን አብልቼ ነው የምልካት" አለችኝ። መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ የእርስዎ አማች መሆኔን አስታውሼ ዋጥኩት።

ቀኑ ደረሰ። የትምህርት ቤቱን ማድ ቤት ከጣሪያ እስከ ወለል አጠብነው። ባለቤቴ ካሮትና ዱባውን ያዘች፤ ከጋራዥ ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ ድንች ልላጥ ብሎ መጣ። በሩ ላይ አቁሜ "ኪስህን ገልብጥ!" አልኩት። እንዳሰብኩትም የለውዝ ገለባ ዝርግፍ አለ። ወደ ቤቱ መልሼው፣ ገላውን ታጥቦና ልብስ ለውጦ ሲመጣ ነው ያስገባሁት። "ለሰርጌም እንዲህ አልታጠብኩ" እያለ ላጠ።

ያሰብኩት የምስርና የድንች ድቡልቡል ነበር፤ ምድጃ ውስጥ የሚጋገር፣ ልጅ በእጁ ይዞ የሚገምጠው። የሚያጣብቀው እንቁላል የለበትማ፣ የመጀመሪያውን ትሪ ሳወጣ ፍርስርስ ብሎ ጠበቀኝ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ልጆቹ በኮሪደሩ ሲንጫጩ ይሰማኛል። "አለቀልን" አልኩ። ባለቤቴ እጄን ያዝ አድርጋ "ምን ይሸታል?" አለች። ጎን ለጎን የጣድኩትን ሩዝ ረስቼዋለሁ! ክዳኑን ሳነሳ ማንኪያው መሐሉ ቀጥ ብሎ ቆመ።

እማማ፣ እዚያው ላይ ድምፅዎን ሰማሁት። ሩዝ በሠራሁ ቁጥር "ይሄ ሩዝ ነው ወይስ ሙጫ? ግድግዳ ይለጠፍበት!" ሲሉኝ። ሙጫ! የጎደለን እኮ ሙጫ ነው! ያላረረውን ጨልፌ ከምስሩና ከድንቹ ጋር ለወስኩት፣ ደበለበልነው፣ ጋገርነው። ሲወጣ አንዱን መሬት ላይ ጣልኩት፤ ነጥሮ አልተመለሰም እንጂ አልፈረሰም። ባለቤቴ ሳቋ መጥቶ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ስንት ዓመት ሙሉ የሚሰድቡኝ ስድብ እንዲህ ይጠቅመኛል ብዬ ብጠብቅ ኖሮ ከዚያም በላይ እንዲሰድቡኝ በለመንኩዎት ነበር።

ከዚያማ ምን ልንገርዎት! ልጆቹ መጀመሪያ አሸተቱ፣ ቀጥለው ገመጡ፣ ከዚያ ጸጥ አሉ። ልጅ ጸጥ ካለ ወይ ታሟል ወይ ጣፍጦታል። "ጨምሩልኝ!" የሚል ጩኸት ከወዲያ ጥግ ተነሳ፣ ከዚያ ከየአቅጣጫው። የፀጉር ሠሪዋ ልጅ፣ በልታ የመጣችው፣ ሦስተኛ ጊዜ ተሰለፈች። እናትየዋ ራሷ ወደ ማድ ቤት ብቅ ብላ "ለመሆኑ ምንድነው ያጣበቀው?" ስትለኝ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፤ ቅቤ እቤታችን ባይገባም። "የአማቴ ምስጢር ነው" አልኳት። ርዕሰ መምህሯ ባዶውን ትሪ አየት አድርጋ "እሺ፣ አሸንፈሃል" ብላ እጄን ጨበጠችኝ።

ደስታዬ ግን እሱ አይደለም። ፌንጣ ረጅሙ ጠረጴዛ መሐል ተቀምጣ ነበር፣ ግራና ቀኟ ልጅ። ሳህኗ ላይ የራሷ ምግብ አለ። ድንገት እጇን ዘርግታ ከጓደኛዋ ሳህን አንድ ድቡልቡል አነሳች። አፏ ጋ ስታደርስ ቆመች። ቀና ብላ በዓይኗ ፈለገችኝ። ከሰው ሳህን በልታ አታውቅም፣ እማማ። በሕይወቷ አንድ ቀን እንኳ። ራሴን ነቅነቅ አድርጌ "ብይ" አልኳት። ጎረሰችው። ጓደኛዋ "ሌባ!" ብላ ስትስቅ፣ እሷም አፏ ሞልቶ ስትስቅ፣ እኔ ወደ ማድ ቤት ገብቼ ድስት ያዝኩና ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ጎሚስታው ሽንኩርት ነው ብሎ ዋሸልኝ።

በሉ ኩርፊያዎን እዚያው ልጅዎ ቤት ይተዉትና ይምጡ። ደብዳቤ እየጻፍኩልዎት መሆኑን ስነግራት ፌንጣ "አያቴ ስትመጣ አጠገቧ ነው የምቀመጠው፤ ከሷ ሳህን ነው የምበላው" ብላለች። እኔም ቃል ገብቼላታለሁ። ሳህኑን ምን እንደምንሞላው እርስዎ ይዘዙ፣ እኔ አበስላለሁ።

አክባሪዎ አማችዎ፣
የፌንጣ አባት