ሰባት ሰዓት ያልኩሽ ነገር

ይድረስ ለውድ እህቴ ለእትዬ እናኑ፣ ቡታጅራ።

እትዬ፣ ከለቅሶው ወዲህ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? መሬት ላይ መተኛቱ አላባሰብሽም? እማዬ እህል መቅመስ ጀመረች? ሌሊት እንቅልፍ ይወስዳታል ወይስ አሁንም ተቀምጣ ነው የምታነጋው? ጋሽ አክሊሉን ያ ሳል ለቀቀው? ኖላዊት ወደ ትምህርቷ ተመለሰች? ድንኳን የተከለላችሁ፣ ውሃ የቀዳላችሁ፣ ንፍሮ የቀቀለላችሁ ጎረቤት ሁሉ በያለበት ሰላም ይሁን። እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ቆሜ እሄዳለሁ፤ ሥራም ገብቻለሁ። ወለላና ሳሌም ደኅና ናቸው፤ ባሏን የቀበረች ሴትና አባቷን የቀበረች ልጅ ደኅና ከተባሉ።

በየሳምንቱ በስልክ እየተነጋገርን ደብዳቤ ምን አስፈለገው ትዪ ይሆናል። አንቺ እኔ ስደውል ሁልጊዜ ድምፁን ከፍ አድርገሽ ስልኩን እማዬ ጭን ላይ ታስቀምጪዋለሽ። ይኼኛው ግን በቅድሚያ ላንቺ ብቻ የሚነገር ነው። ስለዚህ አበዛሽ፣ እዚህ ፌደራል ዌይ በሚባለው ከተማ ሽማግሌዎች በመጦር አብራኝ የምትሠራው የወልቂጤ ልጅ፣ ዘመድ ልትጠይቅ ስትመጣ በእጇ እንድታደርስልኝ ሰጠኋት። ብቻሽን ስትሆኚ አንብቢው።

ባለፈው እሑድ ስንደዋወል ስለ ሰዓቱ ያልሽውን ታስታውሺያለሽ። ወንድማችን ያረፈበትን ሰዓት ሦስት ዓይነት አድርገን ነው የነገርንሽ። ወለላ ዘጠኝ ሰዓት አለችሽ፤ ከሆስፒታል የተሰጠው ወረቀት ሦስት ሰዓት ይላል፤ እኔ ደግሞ በመርዶው ቀን ሰባት ሰዓት ላይ እጄ ላይ አረፈ አልኩሽ። ቀኑም ቢሆን ለእኛ ሰኞ ሚያዝያ 26 ሲሆን ለእናንተ ማክሰኞ 27 ነበር። አርባውን ከየትኛው ቀን እንደምትቆጥሪ ግራ ቢገባሽ ከኖላዊት ጋር ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ተቀመጣችሁ። ከዚያ የወለላ ዘጠኝና የወረቀቱ ሦስት አንድ እንደሆነ ደረሳችሁበት፤ እሷ በእኛ አቆጣጠር፣ ወረቀቱ በፈረንጅ። እናንተ ደግሞ በዐሥር ሰዓት ስለምትቀድሙን የእኛ የቀን ዘጠኝ ሰዓት ለእናንተ የሌሊት ሰባት ሰዓት ይሆናል። ስለ እኔ፣ ማዕረግ ለእኛ እንዲገባን ብሎ ወደ ቡታጅራ ሰዓት መልሶ ነው የነገረን ብለሽ ለእማዬ ስታስረጂያት እሰማ ነበር። እማዬም ዓይኑን የከደነ እጅህ ይባረክ፣ ምነው እኔ በሆንኩ፣ አንተ እንኳን አለህለት ብላ መረቀችኝ። እኔም አሜን አልኩ።

እትዬ፣ ያን አሜን ማለት አልነበረብኝም።

ስሌትሽ ልክ ነው፤ ምንም አልሳትሽም። የሳተው የእኔ ሰባት ሰዓት ነው። ያን ጊዜ የቡታጅራን ሌሊት አስቤ አልነበረም። እዚሁ በእኛ ቀን፣ ሰባት ሰዓት ማለቴ ነበር። ያን ሰዓት ጋሼ ሙሉአለም በሕይወት ነበር፤ ከዚያ በኋላም ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቷል። አንቺ በቅንነትሽ መንገድ ፈልገሽ ከሌሎቹ ጋር ስታስታርቂልኝ እውነቱን መናገር ሲገባኝ ዝም አልኩ። በሰባት ሰዓት ምን እንደሆነ እንዲገባሽ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልስሽ።

ጋሼ ሌክ ሲቲ በሚባለው ሰፈር ቤተ ክርስቲያን ብለን በምንከራየው አዳራሽ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ትልልቆቹን ልጆች እንደሚያስተምር ታውቂያለሽ። ሳምንቱን ሙሉ ከኤርፖርት ሆቴል መንገደኛ የሚያመላልስ ባስ ይነዳል፤ እሑድ ያቺን ግራጫ ሱፉን ለብሶ ልጆቹ ፊት ይቆማል። በመስከረም የገዛ ልጁ ሳሌም ከኢንተርኔት የገለበጠችውን ሁለት ገጽ ወረቀት ይዛ መጣችና እዚያው ክፍል ውስጥ ሰጠችው። ማርቆስ ጌታ የተሰቀለው በሦስት ሰዓት ነው ይላል፤ ዮሐንስ ግን በስድስት ሰዓት ገና ጲላጦስ ፊት ያቆመዋል። ኢያኢሮስ ስለ ልጁ ሊለምን ሲመጣ ማርቆስ ላይ ልትሞት ነው ይላል፣ ማቴዎስ ላይ ሞታለች ይላል። ንጉሡ አካዝያስ አንዱ ቦታ በሃያ ሁለት ዓመቱ ይነግሣል፣ ሌላው ቦታ በአርባ ሁለት። እነዚህን ካልመለስክልኝ ከእንግዲህ አልመጣም አለችው፣ በእንግሊዝኛ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

እኔ ብሆን እጇን ይዤ አስወጣት ነበር። እሱ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና አንድ ሳምንት ስጪኝ አላት። ከዚያ ደብተር ገዛ። ባሱን ኤርፖርት አቁሞ መንገደኛ ሲጠብቅ መሪው ላይ ተደግፎ ይጽፋል። በሳምንቱ ልጆቹን ሰብስቦ ሲያስረዳ ከኋላ ተቀምጬ ሰምቼዋለሁ። በዚያ ዘመን በየሰው እጅ ሰዓት አልነበረም አላቸው፤ ሦስት ሰዓት ሲሉ ረፋዱን፣ ስድስት ሲሉ ቀትሩን ማለታቸው ነው፣ በመካከል የሆነውን አንዱ ወደ ረፋዱ ሌላው ወደ ቀትሩ ያስጠጋዋል፣ ዮሐንስም ቢሆን ስድስት ሰዓት የሚያህል ነው እንጂ ቁርጥ አድርጎ ስድስት አላለም። ስለ ኢያኢሮስ ልጅ ደግሞ ማቴዎስ ነገሩን አሳጥሮ ስለሚተርክ መንገድ ላይ የደረሰውን መርዶ ከመጀመሪያው ልመና ጋር አንድ ላይ አደረገው አለ። አካዝያስ ጋ ሲደርስ ግን ፈገግ አለ። አባትየው በአርባ ዓመቱ ከሞተ፣ ወዲያው የነገሠው ልጅ አርባ ሁለት ሊሆነው አይችልም፤ ይኼ የገልባጭ እጅ የሳተው ይመስለኛል አላቸው። አንዳንዶች ደግሞ ዮሐንስ እንደ ሮማውያን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነው የቆጠረው እንደሚሉ ነገራቸውና እሱን እኔ አላውቅም አለ። አንዱ ልጅ እንዴት አስተማሪ ሆነህ አላውቅም ትላለህ ቢለው፣ "አላውቅም ማለት አያሳፍርም፤ ሳያውቁ በግድ ማስታረቅ ነው የሚያሳፍረው" ብሎ መለሰለት።

ሳሌም አልቀረችም። እንዲያውም ራቅ ካለው ከሬድመንድ ከተማ ጭምር ልጆች መምጣት ጀመሩ። ወላጆች ግን አጉረመረሙ። መጽሐፍ ተሳስቷል ብሎ አስተማረ ተባለ። ልጆቻችን የማያውቁትን ጥርጣሬ አስተማራቸው አሉ። ኅዳር ላይ ሰበካ ጉባኤው ተሰበሰበ። እኔ አባል ነኝ፤ ሰባት ነበርን። ጋሼ ያን ቀን ሺፍት ስለነበረው አልመጣም። ሊቀ መንበሩ ትምህርቱ ይቁም የምትሉ እጅ አንሡ አለ። እትዬ፣ እኔ አነሣሁ። ለወንድሙ ያዳላል እንዳይሉኝ ብዬ ነው ብዬ ለራሴ ስነግረው ቆይቻለሁ። እውነቱ ግን የሰው ፊት ፈርቼ ነው። ማታ ቤቱ ሄጄ ተከራክሬልህ ነበር፣ ድምፅ በለጡን አልኩት። አመሰገነኝ። ቡና እንኳን ሳልጠጣ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ እግሬን ከቤቱ አሳጠርኩ። ሥራ በዛብኝ እላለሁ። በጥር ሆዱን አሞት ሲመረመር ቆሽቱ ላይ ካንሰር ተገኘበት፤ የቀረውን በየጊዜው ነግሬሻለሁ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ሌሊቱን ወለላ፣ ጠዋቱን እኔ፣ ከሰዓቱን ሳሌም ከዩኒቨርሲቲ ስትመለስ እየተፈራረቅን ሆስፒታል አስታመምነው።

ያን ሰኞ ጠዋት ሻል ያለው መስሎ ነበር። ውሃ መዋጥ ስላቃተው የተፈጨ በረዶ በማንኪያ እሰጠዋለሁ። ነርሷ ትራሱን አስተካክላለት ስትወጣ ጋሼ አየኝና በዝግታ፣ "ማዕረግ፣ ያን ቀን እጅህን አንሥተህ ነበር?" አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም። የጎመኑን ቡቃያ ከጓሮ ማን ነቀለው ብሎ በልጅነታችን እንደሚጠይቀን ነው የጠየቀኝ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ፤ ሰባት ሰዓት ሊሆን ነው። የፓርኪንግ ሰዓቴ እያለቀ ነው፣ መኪናውን ላንቀሳቅስ አልኩትና ማንኪያውን አስቀምጬ ወጣሁ።

መኪናዬ ቀኑን ሙሉ ብትቆም ማንም የማይነካት ቦታ ነበረች።

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። አሁን እመለሳለሁ፣ አሁን እመለሳለሁ እያልኩ። ስምንት ሰዓት ላይ ሳሌም ቦርሳዋን አንግታ በመኪናዎቹ መካከል ስታልፍ አየኋት። እንዳታየኝ ብዬ ወንበሩ ላይ ዝቅ አልኩ። ሃምሳ ሊሞላኝ ነው እትዬ፣ ከሃያ ዓመት ልጅ ተደበቅኩ። ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ኮል አደረገችልኝ። ና አለችኝ እንጂ ሌላ አልጨመረችም። ስደርስ አልቋል። ዓይኑን የከደነችው እሷ ናት። እማዬ የመረቀችው እጅ የእኔ ሳይሆን የሳሌም ነው።

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ጋሽ አክሊሉ ጋ ደወልኩ። በኋላ አንቺ ስልኩን ተቀብለሽ መጀመሪያ የጠየቅሽኝ ከጎኑ ማን ነበረ የሚለውን ነው። እኔ አልኩሽ። በስንት ሰዓት ስትዪኝ አፌ ሰባት አለ፤ ከጎኑ የነበርኩት እስከዚያ ድረስ ስለሆነ ይመስለኛል።

ካንቺ ጋር ባወራን ማግሥት ወለላ ቤት ሄድኩ። ወለላ ሥራ ነበረች፤ ሳሌም የአባቷን ደብተር ዘርግታ ተቀምጣለች። ሁሉንም ነገርኳት፤ እጅ ማንሣቴን፣ መዋሸቴን፣ መኪና ውስጥ መደበቄን። ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ፤ ያን ቀን ግን በአማርኛ ተናገረች። "ያውቅ ነበር። በስብሰባው ማግሥት ነግረውታል። ካንተ አፍ ሊሰማው ፈልጎ ነው የጠየቀህ።" ከዚያ ደብተሩን እያየች፣ ሁለት ጊዜ መጣ ወይ ብሎ እንደጠየቃት ነገረችኝ። ፓርኪንግ አጥቶ ይሆናል አለችው። "ኦኬ፣ እንጠብቀው" አላት።

ለወለላም ማታ ነገርኳት። አልተቆጣችኝም። እንጀራ አቀረበችልኝና እሷ ሳትበላ ገብታ ተኛች። ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ሰበካ ጉባኤው ፊት ቆሜ ያን ቀን ያደረግኩት ልክ እንዳልነበረ ተናግሬ ትምህርቱ ይመለስ ብዬ ጠየቅኩ። ከአርባው በኋላ እንየው አሉ። ሳሌም አልመጣችም፤ አባቷ ከተቀበረ ወዲህ አዳራሹን አልረገጠችም። ደብተሩን ግን ይዛዋለች። ያላለቁ ገጾች አሉት፤ ታንብበው ትጻፍበት አላውቅም፣ መጠየቅም አልደፈርኩም።

አርባውን በተመለከተ ከ26 ጀምረሽ ቁጠሪ፤ ባረፈበት አገር ፀሐይ ሰኞ ላይ ነበረች። የሞተበትን ዕለት አንድ ብለሽ ከጀመርሽ ሰኔ 5፣ በአቦ ዕለት ይውላል። ቄሱ 27 ይሁን ካሉሽም አልከራከርም። ለእማዬ መንገሩን ላንቺ ትቼዋለሁ፤ የምትችለው ከመሰለሽ ንገሪያት፣ ምርቃቱንም ለሳሌም ታድርግላት። እኔን ተቆጪኝ። ብትሰድቢኝም እሰማለሁ። እባክሽ ግን ምክንያት አትፈልጊልኝ። አልነበርኩም፤ ሲጠብቀኝ አልሄድኩም።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ለጋሽ አክሊሉ የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ለሳሉ የሚሆን መድኃኒት በአበዛሽ ልኬያለሁ። ለኖላዊት በርቺ በያት፤ ስሌቷ ልክ እንደነበር ንገሪያት። ለእትዬ የኔነሽና ለልጆቿ፣ ለቅሶ ለዋሉት ጎረቤቶች ሁሉ ሰላም በይልኝ። ወለላ ትስምሻለች። ሳሌም ደብዳቤ እየጻፍኩልሽ እንደሆነ ነግሬያት ሰላም በልልኝ ብላለች።

ታናሽ ወንድምሽ ማዕረግ

ሲያትል፣ እሑድ ግንቦት 16 ቀን 2018 ዓ.ም.