ሳይነግሩት ይቅርታ የሚጠይቅ

ቢሽኬክ፣ ኖቬምበር 19 ቀን 2023

የኔ ቤጋዪም፣ ዓይኔ ልጄ፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ጄኔቭን ትተሽ፣ እዚህ የዓለም አቀፍ ግንኙነት ትምህርት ቤታችን ገብተሽ የእኔን የድርድር ትምህርት ልትረከቢ አስበሻል። እናትሽ በሕይወት ብትኖር እልል ትል ነበር። እኔ ግን አትምጪ እልሻለሁ።

ደንቤን ታውቂዋለሽ። በየጸደዩ ተማሪዎቼን ድንበሩ ላይ ያለው ቦይ ድረስ ወስጄ፣ ከታጂኮቹ ተማሪዎች ጋር ዳቦ ቆርሰን እንቀመጥ ነበር። ማንም ስለ ራሱ በደል አያወራም፤ መጀመሪያ በወዲያኛው ላይ የደረሰውን በደል ይናገርለታል። ያኛው «አዎ፣ እንደዚያ ነው» ብሎ ራሱን እስኪነቀንቅ ድርድር የለም። ለዚህ ብቻ ቀኑ ይመሽብናል። የሁለቱ አገር ወታደሮች ከተታኮሱ ወዲህ ግን ድንበሩ ተዘጋ። ዲናችን ዳሚራ፣ ያቺ ፈተና ወድቃ ቢሮዬ ያለቀሰችው፣ ዛሬም እንደ ተማሪነቷ መምህሯን «አጋይ» እያለች፣ «ዓለም ተለውጧል፣ እኛም እንለወጥ እንጂ» ብላ በታጂኮቹ ቦታ የሚናገር ኮምፒውተር አመጣች።

ኑርጋዚ የሚባል ተማሪ ነበረኝ። ወንድሙ በዚያ ተኩስ ሞቶበታል። እንደሱ ሰው ማዳመጥ የሚችል ልጅ አላስተማርኩም። ማክሰኞ ተራው ደርሶ ማሽኑ ፊት ተቀመጠ። «ወንድሜ...» ከማለቱ ማሽኑ ባማረ ቋንቋ ይቅርታውን አዥጎደጎደለት።

ልጁ ሳቀ። «አጋይ፣ ስሙን እንኳ ሳልነግረው ይቅርታ ጠየቀኝ እኮ!»

«ተቀመጥ ልጄ፣ እኔን አዋራኝ።»

«እርስዎን ምን ብዬ? እርስዎ አልገደሉትም።»

በማግስቱ ድንበር ድረስ ባትኬን ሄዶ ለድንበር ጦር ተመዘገበ። እናቱ ደውላ «ሰላም ያስተምሩልኛል ብዬ ነበር የሰጠሁዎት» አለችኝ። ስልኩን ይዤ አለቀስኩ። ዳሚራ ደግሞ «ማሽኑ አንዴም አልተቆጣም፣ ተሳክቷል» ትላለች። የዕድሜ ልክ ሥራዬን ውኃ በላው፣ ልጄ። የምትረከቢው ይህንን ነው።

እዚያው ሁኚልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ሳሉም ቀንሷል፤ ጎረቤታችን ሌላ ብትልሽ አትስሚያት። ዳሚራ «ለልጅዎ ይጻፉላት፣ መጥታ ማሽኑን ትምራልን» ስትለኝ እሺ ብያታለሁ። የጻፍኩልሽ ይኼን መሆኑን እንዳትነግሪብኝ። ክፍልሽን ላከራየው አስቤ ተውኩት። በየቀኑ የማሞቀው ቧንቧው በብርዱ እንዳይፈነዳ ብዬ ነው።

ክፉ አይንካሽ። ዓይን ዓይንሽን እያየ የሚያዋራሽ ሰው አያሳጣሽ።

የማይጠብቅሽ አባትሽ
ቱራር